ባዶ የተተወው ሳጥን

(በምሩቃን ዳግም መገናኛ ቀን በሐረር ግቢ የቀረበ ንግግር፤ ለመጽሐፉ ሲዘጋጅ በተናጋሪዋ ጥቂት ታርሟል)



አዘጋጆቹ ደውለው «ሃያ ደቂቃ አለሽ፣ ከሥራሽ ያጋጠመሽን አንድ ነገር ንገሪን» ሲሉኝ ስለ ኩላሊት ወይም ስለ ስኳር የምናገር መስሏቸው ነበር። «ስለ ኔትወርክ ስዊች ነው የምናገረው» ስላቸው ከወዲያ በኩል ዝም አለ። «ሄሎ? መስመሩ ተቋረጠ እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁ። አልተቋረጠም ነበር።

እንግዲህ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። ከፊት ለፊቴ የተቀመጡት የኮምፒውተር ትምህርት ክፍል መምህራን ስሳሳት እጃቸውን አውጥተው ያርሙኝ። የማወራው ግን ሐኪሞችንም ይመለከታል ብዬ አምናለሁ። ማንም አስቦበት ያልመረጠው፣ ባዶ ስለተተወ ብቻ ሥራ ላይ ስለሚውል ውሳኔ ነው። ፈረንጆቹ «ዲፎልት» ይሉታል። በአማርኛ የተሠሩ ሶፍትዌሮች ላይ «ነባሪ» ተብሎ አይታችሁት ይሆናል። እኔ መጀመሪያ ሳየው ዓሣ ነባሪ ነበር ትዝ ያለኝ፤ አሁን ግን ቃሉን ወድጄዋለሁ። ማንም ሳያዘው ተቀምጦ የሚኖር፣ ነባር፣ ማለት ነው።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ቦታው ከሐረር ሩቅ ነው። ሆስፒታሉን አልጠራውም፤ የትም ቤት ሊደርስ የሚችል ነገር ነውና። የዚያን ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ፣ ኩላሊታቸው ከደከመ የቆየ አንድ አባት «ሰውነቴን ድካም ድካም አለኝ» ብለው ከልጃቸው ጋር መጡ። ደም ተቀዳ፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ግድም ወደ ላቦራቶሪ ተላከ። ውጤት በወረቀት መላላክ ካቆምን ወራት አልፈው ነበር። ላቦራቶሪው ውጤቱን ሲስተሙ ውስጥ ያስገባል፣ እኛ ደግሞ ዋርድ ያለው ኮምፒውተር ላይ እናያለን።

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ስማቸው አለ፤ የታዘዘው ምርመራ በዝርዝር አለ። ፖታሲየም በሚለው ፊት ያለው ሳጥን ግን ባዶ ነው። «ገና አልተሠራም» አልኩና ወደ ሌላ ሕመምተኛ ሄድኩ። ተመልሼ መጣሁ፤ ባዶ ነው። አሁንም ሄድኩ። እዚያ ማዶ ላቦራቶሪ ውስጥ ደግሞ ውጤቱ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ወጥቶ ገብቷል። ባለሙያው «ሲስተሙ ላይ አለ፣ ሐኪሟ አይታዋለች» ብሎ ቀጣዩን ናሙና ይዟል። ድሮ ቢሆን አስደንጋጭ ቁጥር ሲያይ ስልክ ያነሳ ነበር። ሲስተሙ ከመጣ ወዲህ ያ ልማድ ቀርቷል። ማንም «ደውል» አላለውም፤ ማንም «አትደውል»ም አላለውም።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነርሷ መጣችና «ዶክተር፣ የእኚህ አባት የልብ ምት ደስ አላለኝም» አለችኝ። ኢሲጂ አነሳን። ቲ የሚባሉት ሞገዶች እንደ ድንኳን ምሰሶ ሾለው ቆመዋል፤ ኪውአርኤሱም መስፋት ጀምሯል። ከዚያ በኋላ ቁጥር አልጠበቅሁም። ካልሲየም ግሉኮኔት፣ ከዚያ ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋር ሰጠን፤ ሳልቡታሞልም በኔቡላይዘር። ተላላኪውን ወደ ላቦራቶሪ አስሮጥኩት። ቁጥሩን ከጓንት ካርቶን በተቀደደ ቁራጭ ላይ አስጽፎ መጣ፦ 7.4። ውጤቱ ከወጣ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖታል።

እኚያ አባት ተርፈዋል። በማግስቱ ዲያሊሲስ ወዳለበት ሆስፒታል ላክናቸው። ኢሲጂው ግን ከበር እንደገቡ መነሳት ነበረበት፤ የኩላሊት ሕመምተኛ «ደከመኝ» ሲል መጀመሪያ የሚደረገው ያ ነው። ይህን ተማሪዎቼን አስተምራለሁ። የዚያን ሌሊት አላደረግሁትም። ስለዚህ አሁን ስለ ስዊቹ የምናገረው ጥፋቴን እላዩ ላይ ለመጫን አይደለም።

ጠዋት ላይ የኮምፒውተር ባለሙያችን ተጠራ። ወጣት ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ብቻውን ነው። ሁላችሁም የምታውቁት ዓይነት፤ ፕሪንተር የሚጠግነውም፣ ሰርቨር የሚያስተዳድረውም፣ የሥራ አስኪያጁን ስልክ የሚያስተካክለውም እሱ ነው። ፊቱ አመድ መስሎ «ዶክተር፣ እኔ እኮ የዘጋሁት 445ን ብቻ ነው» አለኝ። 445 ምን እንደሆነ አላውቅም ነበርና «የመኝታ ቁጥር ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቅ አላለም።

445 ኮምፒውተሮች ፋይል የሚጋሩበት የበር ቁጥር ነው፤ ፖርት ይሉታል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ያሽመደመደው በዚሁ በፋይል መጋሪያው በኩል ነበር። እኛም ጋ በዚያው ሳምንት አንድ ቫይረስ ሁለት ቢሮዎች ውስጥ ገብቶ ስለነበር ልጁ ይህን በር መዝጋቱ ትክክል ነው። ሥራ እንዳይረብሽ ብሎ ትእዛዙ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ በራሱ እንዲገባ አዘጋጅቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ትእዛዙ በሰዓቱ ገባ። የዘጋው ግን 445ን ብቻ አልነበረም፤ የላቦራቶሪውን ውጤት ጨምሮ ሁሉንም ነው። የዋርዱ ፕሮግራም ደግሞ ግንኙነት መቋረጡን አይናገርም፤ መጨረሻ የደረሰውን ዝርዝር ይዞ ይጠብቃል። እኔ ያየሁት ባዶ ሳጥን ከ4 ሰዓት ተኩል በፊት የቀረ ባዶ ነው።

ይህ እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ለተከታታይ ቅዳሜዎች ከልጁ ጋር ቡና እየጠጣሁ ተቀመጥኩ። የገባኝን በራሴ ቋንቋ ልንገራችሁ።

የድሮ ስዊች በሱ በኩል የሚያልፈውን መልእክት ወዴት እንደሚልክ የሚወስነው ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ስታንፎርድና ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙ ተመራማሪዎች ኦፕን ፍሎው የሚባል አሠራር አቀረቡ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የመወሰኑን ሥራ ከሣጥኑ አውጥተን ኮንትሮለር ለሚባል ማዕከላዊ ፕሮግራም እንስጥ፤ ሣጥኑ ጋ የሚቀረው አንድ ሰንጠረዥ ብቻ ይሁን። በሶፍትዌር የሚመራ ኔትወርክ የሚሉት ይህ ነው። ሰንጠረዡ ላይ እያንዳንዱ ረድፍ «እንዲህ ያለ ፓኬት ሲመጣ እንዲህ አድርግ» ይላል። ከጎኑ የቅድሚያ ቁጥርና ስንት ፓኬት እንዳስተናገደ የሚቆጥር ቆጣሪ አለ። ፓኬት ሲመጣ ከረድፎቹ ጋር ይመሳከራል፤ ከሚገጥሙት ውስጥ ቅድሚያው የበለጠው ይሠራል። የእኛ ሆስፒታል ኦፕን ቪስዊች የሚባለውን በነጻ የሚገኝ የሶፍትዌር ስዊች ሰርቨሩ ላይ ይጠቀም ነበር።

የመጀመሪያው የኦፕን ፍሎው እትም፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2009 የወጣው፣ ለማመሳከሪያ 12 ሳጥኖች ነበሩት፦ ከየት ገባ፣ ከማን ተላከ፣ ለማን፣ ምን ዓይነት ነው፣ በየትኛው ፖርት፣ ወዘተ። 12ቱን ሁሉ መሙላት ግዴታ አይደለም። ባዶ የተተወ ሳጥን «ምንም ቢሆን ግድ የለኝም» ማለት ነው። ምንም ሳጥን ያልተሞላበት ረድፍ ደግሞ ለሁሉም ይገጥማል።

ልጁ የጻፈው «ፖርት 445 ከሆነ፣ ጣል» ብሎ ነው። ሌሎቹን ባዶ ተዋቸው። ችግሩ 445 ብቻውን ትርጉም የለውም። ፖርት የሚባለው ነገር የሚኖረው ፓኬቱ አይፒ ሲሆን፣ ውስጡ ያለው ደግሞ ቲሲፒ ወይም ያን መሰል ነገር ሲሆን ነው። ይህን አስቀድሞ ካልነገራችሁት ስዊቹ 445ን የሚፈልግበት ቦታ አያውቅም። በዚያ በመጀመሪያው እትም አሠራር ደግሞ ትርጉም ያጣውን ሳጥን ይተወዋል። ተወው ማለት ባዶ ሆነ ማለት ነው። «ፖርት 445 ከሆነ ጣል» የነበረው «ምንም ይሁን ጣል» ሆኖ አረፈው።

ለነርሶች እንዲህ ብዬ ነው ያስረዳኋቸው። የትእዛዝ ወረቀት ላይ «10 ስጡ» ብዬ ብጽፍ፣ መድኃኒቱንም ሚሊ ይሁን ሚሊግራም ሳልናገር፣ ምን ታደርጋላችሁ? «ዶክተር፣ 10 ምን?» ብላችሁ ትመልሱልኛላችሁ። ስዊቹ ያደረገው 10ሩን ሰርዞ «ስጡ» የሚለውን መፈጸም ነው፤ ለዋርዱ በሙሉ። መሣሪያው ጨርሶ ዝም አላለም፤ «የጻፍከውን አስተካክዬዋለሁ» የሚል አንድ መስመር ጽፎ ነበር። ሰው በሌለበት ሌሊት ማን ያነበዋል?

ሌላም አለ። ልጁ ለረድፉ የቅድሚያ ቁጥር አልሰጠውም። ቁጥር ካልተሰጠው መሣሪያው ራሱ 32768 ይሰጠዋል፤ ከ0 እስከ 65535 ካለው መሐል ላይ መሆኑ ነው። ስዊቹ ሲተከል የተቀመጠው «እንደ ተራ ስዊች አሳልፍ» የሚለው ረድፍ ግን ቅድሚያው 0 ነው። ስለዚህ አዲሱ ገና ሲገባ የቤቱ አናት ላይ ወጣ። የካርድ ክፍሉ መስመር ብቻ ቀደም ሲል በሆነ ምክንያት ከዚህም ከፍ ያለ ቅድሚያ ተሰጥቶት ስለነበር መሥራቱን ቀጠለ። ኔትወርኩን ያልጠረጠርነው ለዚህ ነው። ሕመምተኛ እየተመዘገበ፣ ካርድ እየወጣ፣ ማን ኔትወርክ ተበላሽቷል ይላል? ከፊል ብልሽት ከሙሉ ብልሽት የከፋ ነው፤ ይህን የልብ ሐኪሞቻችን ያውቁታል። ልጁ ጠዋት ነገሩን ያወቀው የሰንጠረዡን ቆጣሪዎች ሲያይ ነው። ጥቂት ብቻ ይቆጥራል ብሎ የጠበቀው ረድፍ የቤቱን ፓኬት ሁሉ ቆጥሮ ተቀምጧል።

ስንፍና ነው እንዳትሉ። ይህ ስሕተት የተለመደ ከመሆኑ የተነሳ የኦፕን ቪስዊች ሠሪዎች ራሳቸው ሰዎች ደጋግመው ከሚጠይቋቸው ጥያቄዎች መካከል አስቀምጠው ይመልሱታል። ኦፕን ፍሎውን የጻፉትም ሰዎች አስተካክለውታል። ከ1.2 እትም ጀምሮ፣ ቅድመ ሁኔታው ሳይሟላ የተጻፈ ሳጥን ያለበትን ረድፍ ስዊቹ «ጎድሎታል» ብሎ መመለስ አለበት። ልክ እንደ ነርሶቻችን። እኔ ይህን ስሰማ ነው ነገሩ የያዘኝ። ያ የሌሊቱ ጥፋት ከልጁ በፊት ወረቀት ላይ ተወስኖ ነበር፤ «ያልገባንን እንተወው» ወይስ «ያልገባንን እንመልሰው» በሚለው ምርጫ። ሁለተኛውን መምረጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የፈጀባቸው።

አሁን ወደ ሐረር ልመልሳችሁ፤ ምክንያቱም ቀሪውን ነገር ያስረዳኝ የእኛው ጀጎል ነው።

ተማሪ ሳለን ቅዳሜ ቅዳሜ በሸዋ በር ገብተን በኤረር በር ወይም በሰንጋ በር የምንወጣው ትዝ ይላችኋል? ግንቡን ያሠሩት በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው፤ ጥንታዊ በሮቹ አምስት ናቸው። ሌሊት ሌሊት በሮቹ ይዘጉ ነበር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 እዚህ ሲደርስ በረኛው «ግባ»ም «ተመለስ»ም አላለውም። ወደ አሚር አሕመድ ቤተ መንግሥት መልእክት ላከና እንግዳውን ውጭ አስቀመጠው። መልሱ እስኪመጣ በሩ ላይ ጠበቀ፤ ከገባ በኋላም የቆየው ዐሥር ቀን ያህል ነው።

ሰንጠረዡ ላይ ከየትኛውም ረድፍ ጋር ያልገጠመ ፓኬት ሲመጣ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ይኸው የበረኛው ጥያቄ ነው። ሦስት መልስ አለው፦ አሳልፈው፣ ጣለው፣ ወይም አለቃውን ጠይቅ። የመጀመሪያው የኦፕን ፍሎው እትም በረኛው ያደረገውን ነው ያደረገው፤ የማያውቀውን ሁሉ ወደ ኮንትሮለሩ ይልካል። ጥሩ ይመስላል፣ አይደል? በርተን ግን አንድ ሰው ነው። በደቂቃ ሺህ በርተን ቢመጣስ? አሚሩ ሌላ ሥራ ሊሠራ ነው? ባለሙያዎቹ የገጠማቸው ይህ ነው፤ አንድ የተበላሸ ኮምፒውተር ያልታወቀ ፓኬት ሲያዘንብ ኮንትሮለሩ በጥያቄ ይጥለቀለቃል፣ ለሚገባቸውም መልስ ያጣል።

እዚህ ላይ የኢንተርንነት ዘመናችንን አስቡ። ሕይወት ፋና ሌሊት ተረኛ ሆነን ሲኒየሩን በየዐሥር ደቂቃው የሚቀሰቅስ ጓደኛ ነበረን። (ስሙን አልናገርም፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ይስቃል።) ደግሞ ምንም ቢሆን የማይደውል ነበረን። ሲኒየሮቻችን ይበልጥ የሚፈሩት የማይደውለውን ነበር። የመጀመሪያው ግን ሲኒየሩን አድክሞ፣ አድክሞ፣ የእውነት የሚያስጨንቅ ነገር በመጣ ጊዜ ስልኩ እንዳይነሳ ሊያደርግ ይችላል። ሁለቱም አደገኞች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው 1.3 እትም ነባሪውን ቀየረው፦ ያልገጠመ ፓኬት ይጣል። መጠየቅ ወይም ማሳለፍ ከፈለግህ ራስህ በግልጽ ጻፈው፤ ሁሉም ሳጥን ባዶ የሆነ፣ ቅድሚያው 0 የሆነ የመጨረሻ ረድፍ አድርገህ። ይህ ረድፍ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ቆጣሪ አለው። ቆጣሪውን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አዳራሹ ውስጥ ያሉ የኔትወርክ ባለሙያዎች ምናልባት «ታዲያ ዝጊው፣ አለቀ» ይሉኛል። እኔ እንደ ሐኪም እንደዚያ ቶሎ አልልም። ዝግ ነባሪ ለባንክ ደህና ነው። ሆስፒታል ውስጥ የተዘጋ መስመር ማለት ያ ባዶ ሳጥን ነው። ክፍት ነባሪም ቢሆን የሕመምተኛን ምስጢር ለሚያልፍ ለሚያገድም መስጠት ነው፤ ቫይረሱንም ማስገባት ነው። ጀጎልን እንደገና ተመልከቱ። በሮቹ ተዘግተውም ግንቡ ግርጌ ዝቅ ያሉ ቀዳዳዎች አሉ። ሐረሪዎች «ወራባ ኑዱል» ይሏቸዋል፤ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። ጅቡ በዚያ ይገባል፣ የከተማውን ጥራጊ ይበላል፣ ሳይነጋ ይወጣል። ከተማው ጅቡ እንደሚያስፈልገው ያውቃል፤ ስለዚህ በሩን አልከፈተለትም፣ ልኩን አይቶ ቀዳዳ ሠራለት። ሰው የሚዘጋው ምን ማለፍ እንዳለበት አስቀድሞ ቆጥሮ ሲጨርስ ነው ማለት ነው። እኛ ያደረግነው ተቃራኒውን ነበር፤ የላቦራቶሪው ውጤት የራሱ ረድፍ አልነበረውም፣ በነባሪው ጀርባ ታዝሎ ነበር የሚሄደው። ነባሪው ሲሸፈን አብሮ ቀረ።

ሌላው ጥያቄ ኮንትሮለሩ ራሱ ሲጠፋ ነው። መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ባለችው ጊዜ፣ ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ኦፕን ቪስዊች ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው፣ ካልነገራችሁት የሚይዘው፣ አለቃው ሲጠፋ ስዊቹ እንደ ተራ ስዊች ራሱን ችሎ ማሳለፍ ይጀምራል። ሌላው፣ በራሱ ምንም አዲስ ነገር ሳይጨምር ባለው ረድፍ ብቻ ይቀጥላል። የመጀመሪያው ስለማይቆም ይመቻል፤ ግን መብራት በሄደ ቁጥር የጻፋችሁት ክልከላ ሁሉ ይነሳል ማለት ነው። እኛ ሁለተኛውን መረጥን። ሆኖም ይህን መምረጥ የሚቻለው አስፈላጊዎቹ ረድፎች አስቀድመው ተጽፈው ከቆዩ ብቻ ነው፤ ከላቦራቶሪ ወደ ዋርድ፣ ከራጅ ክፍል ወደ ቀዶ ሕክምና፣ ከደም ባንክ ወደ ማዋለጃ። ዝርዝሩን ለመጻፍ ልጁ ብቻውን በቂ አልነበረም። ማን ለማን ምን እንደሚልክ የሚያውቁት ነርሶቹና የላቦራቶሪ ባለሙያዎቹ ናቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ቁጭ ብለን ስንጽፍ፣ ከፋርማሲ ወደ ዋርድ የሚሄድ መልእክት መኖሩን ከእኛ ሐኪሞች አንዳችንም አናውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባዶ ሳጥን ሳይ ያመኛል። የታካሚ ካርድ ላይ «የመድኃኒት አለርጂ» የሚለውን ሳጥን አስቡት። ባዶ ነው። የለባቸውም ማለት ነው? አልተጠየቁም ማለት ነው? ተጠይቀው ራሳቸውን ስተው ስለነበር አልመለሱም ማለት ነው? ሦስቱን አንድ ባዶ ይወክላቸዋል፤ እኛ ደግሞ ስንቸኩል የሚመቸንን እንመርጣለን። ፔኒሲሊን ለመስጠት ስንቸኩል ባዶው «የለባቸውም» ይሆናል። ትሪያጅ ላይም እንዲሁ ነው። ምልክታቸው ከየትኛውም ቀለም ጋር አልገጥም ያለ ሕመምተኛ ብዙ ቦታ አረንጓዴ ላይ ሲቀመጡ አያለሁ፤ «ቀይ የሚያደርጋቸው ነገር ስላልተገኘ» ተብሎ። አለመገጠም ጤና አይደለም። እኔ በምመራው ክፍል ያልገጠመ ሁሉ ቢያንስ ቢጫ ነው፤ ሐኪም አይቶ ያውርደው። አንዳንድ ባልደረቦቼ ወረፋ ታበዢያለሽ ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ በዝቷል።

መምህራኖቻችን እዚህ ስላላችሁ አንድ ነገር ልለምን። የሕክምና ተማሪዎቹ እዚሁ ሐረር ግቢ ናቸው፤ የኮምፒውተር ተማሪዎቹ ሐረማያ ዋናው ግቢ ናቸው። መንገዱ አንድ ሰዓት አይሞላም። የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲሰጣቸው፣ ከሁለቱ ሦስት ሦስት ተማሪ አቀናጅታችሁ አንድ ዋርድ ውስጥ አስቀምጧቸው፤ ማን ለማን ምን እንደሚልክ፣ እያንዳንዱ ባዶ ሳጥን ምን ማለት እንደሆነ ይጻፉ። አዲስ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። እኔ ለመጀመሪያዎቹ ዋርዱን አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ።

ቆጣሪውን እመለስበታለሁ ብያችሁ ነበር። ሁሉንም ከጻፍን በኋላ የመጨረሻውን ረድፍ፣ ያልገጠመውን የሚጥለውን፣ ቆጣሪ ጠዋት ጠዋት በርክክብ ስብሰባ ላይ እንድናይ ተስማማን። ልጁ ቁጥሩን ነጭ ሰሌዳው ላይ ይጽፈዋል፤ ከሞቱትና ከገቡት ቁጥር ሥር። መጀመሪያ ሰው ይስቅ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ልጁ አንድ ነገር አስተዋለ፤ ቁጥሩ በየዐሥራ አምስት ደቂቃው፣ ሌሊትም ቀንም፣ በእኩል መጠን ይጨምራል። ሰው እንዲህ አያደርግም፣ ቫይረስም ቢሆን እንዲህ ሥርዓት የለውም። ፓኬቶቹ የሚመጡበትን ገመድ እጁ ላይ እየጠቀለለ ተከትሎ ሄደ፤ በኮሪደሩ፣ በማዋለጃው ጀርባ፣ ወደ ደም ባንኩ ክፍል። ገመዱ የሚያልቀው የደም ማቀዝቀዣው ጀርባ ላይ ነበር። በእርዳታ ሲመጣ የሙቀት መለኪያ አብሮት ተገጥሟል፤ ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ውጭ ሲወጣ ማስጠንቀቂያ ሊልክ የተሠራ። ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ሙቀቱን እየለካ በየዐሥራ አምስት ደቂቃው ይልክ ነበር። የሚቀበለው ኮምፒውተር ግን አልተገዛም፤ ስለዚህ ክፍት በነበርንበት ዘመን መልእክቱ አየር ላይ ይቀር ነበር፣ ማንም አይቆጥረውም።

በዚያው ቀን ረድፍ ተጻፈለት። አሁን የሚልከው ተረኛ ነርሷ ጠረጴዛ ላይ ወዳለው ኮምፒውተር ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ጄኔሬተሩ አልነሳ ብሎ 8 ዲግሪ ሲደርስ ጮኸ፤ ደሙን በበረዶ ሣጥን አድርገን ወደ ሌላ ማቀዝቀዣ አዛወርነው። አሥራ አንድ ከረጢት ነበር።

ቡናው እንዳይቀዘቅዝብን።